ቦራ ከሞት ይነሣ ስለ ተባለበት ፍርድ

ዳንግላ፣ የካቲት ፰ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለክቡር ባላምባራስ አየነው፣
የአጥቢያችን ዳኛ፣ የሰንበቴያችን ሙሴ፣ ከጥር ወር ወዲህም በወረቀት ላይ ለሚኖሩ ፈረሶች ሁሉ ጠበቃና አሳዳሪ፤

ክቡር ሆይ፤

ይህች ደብዳቤ እርስዎንና እመቤት ወይዘሮ ደጊቱን፣ ልጆችዎንና የልጅ ልጆችዎን፣ በበረት ያሉ ከብቶችዎን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቺን ሰጋር በቅሎዎን በሙሉ ጤና እንድታገኝ ምኞቴ ነው። ከችሎት ወንበር ላይ ብዙ በመቀመጥ ያገኘዎ የወገብ ሕመም ጾሙ ሳይገባ ቀለል እንዲልልዎ እጸልያለሁ። እኔም ተከስሼ ከመሰንበቴና ተፈርዶብኝ ከመዋሌ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ።

ደብዳቤዬን በሁለት እጄ ይዤ፣ ዝቅ ብዬ በእጅዎ ማስረከብ ሲገባኝ ጋሪ ነጂዎች በሚቆሙበት ዋርካ ግንድ ላይ መለጠፌ ከንቀት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ፍርዱ በአደባባይ የተሰማ ስለ ሆነ ምስጋናውን በጓዳ ባቀርብ ውለታ መካድ ይሆንብኛል ብዬ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ቢያልፍ የሚያነብለት አያጣም፤ አድማጭ እንደ ሆነ በዳንግላ ሞልቷል፤ የአድማጭን ብዛትና ብርታት ደግሞ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ የለም።

እርስዎ ነገሩን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ይሁን እንጂ ከኮሶበር ወይም ከአዲስ ቅዳም ለገበያ የመጣ መንገደኛ ቆሞ ቢያነብ ግራ እንዳይገባው ከመነሻው ልጀምር፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና።

እኔ ሽባባው ደጉ በዚህ ከተማ አማርኛ አስተማሪ ስሆን፣ ከማስተማር በሚተርፈኝ ጊዜ አንድ ልብ ወለድ ታሪክ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ከቅዳሴ በኋላ ሁላችንንም በሰንበቴው ቤት ዘግቶ ባስቀመጠን እሑድ፣ እርስዎ በሙሴነትዎ፣ ማለትም በማኅበሩ መሪነትዎ፣ «ሰው ከምናማ መምህሩ የጻፈውን ያንብብልን» ብለው ፈቀዱልኝ። ከዚያ ወዲህ በየሰንበቱ አንዳንድ ምዕራፍ ሳነብ ከረምኩ። ሐሜቱስ አልቀረም፤ ከጎረቤቶቻችን ላይ ተነሥቶ ወደ መጽሐፌ ሰዎች ተዛወረ እንጂ። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር እንደነዚያ እሑዶች ደስ ብሎኝ አያውቅም። የጻፍኩት ነገር ከአፌ ወጥቶ በሰው ፊት ላይ ሲሄድ ማየት፣ ዳቦ ሊቆርስ የነበረ እጅ አየር ላይ ሲቀር ማየት፣ ለጸሐፊ ከዚህ የሚበልጥ ድግስ የለውም።

ታሪኩ አበረ የሚባል የአንድ ጎበዝ ታሪክ ነው። አበረ ግንባሩ ነጭ የሆነ፣ በዚህም ቦራ የተባለ ፈረስ አለው፤ ሁለቱ አብረው ያደጉ ናቸው። በጥር ጊዮርጊስ ዕለት አበረ ከሩቅ መንገድ የመጣውን፣ የደከመውን ፈረሱን በእልህ ወደ ጨዋታው ሜዳ ያስገባዋል። ቀድሞም ይገባል። ሰዉ ሲያጨበጭብለት ራሱን ይስትና ላቡ ሳይደርቅ ውሃ ያጠጣዋል፤ ቦራም ይሞታል። የመጽሐፌ መንገድ ሁሉ ወደዚህ ምዕራፍ የሚወስድ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለውም ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ይህን ምዕራፍ ያነበብኩት ከጥር ጊዮርጊስ በኋላ በዋለው እሑድ፣ ፈረሰኞቻችን የጨዋታውን አቧራ ገና ከነጠላቸው ሳያራግፉ ነበር። ጊዜ አለመምረጤን አምናለሁ። ከኮርቻ ሌላ መቀመጫ የማይመቻቸው አቶ እንየው ጽዋቸውን ሳይጨርሱ አስቀምጠው ወጡ፤ እርሳቸው ጽዋ ሳይጨርሱ ሲወጡ ያየ ሰው በአጥቢያችን የለም። በገበያው ዕለትም ችሎትዎ ፊት ቆመው «መምህሩ ፈረስ ገድሏል» ብለው ከሰሱኝ።

ክቡር ባላምባራስ፣ ሌላ ዳኛ ቢሆን ኖሮ ይስቅ ነበር። እርስዎ አልሳቁም። ፈረሱ የማን ነው ብለው አልጠየቁም፤ ሬሳው የት ነው አላሉም፤ ዓይን ዓይኔን እያዩ «ዋስ ጥራ» አሉኝ። ጋሪ ነጂው ቢሻው፣ ነፍሱን ይማረውና ገና በሕይወት ሳለ ነው የምለው፣ ዋስ ሆነኝ። በቀጠሮው ቀን አቶ እንየው ሲቆጡ አገውኛው እንደሚቀድማቸው ሁሉም ያውቃልና፣ የክሳቸውን ግማሽ በአገውኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ የቀረውን በአርጩሜያቸው መሬቱን እየመቱ አሰሙ። ምስክር አላስፈለገም፤ ተከሳሹ ራሱ በሰንበቴው ፊት ቃል በቃል አንብቦ አምኗል ተባለ። ሽማግሌዎች መክረው ሲመለሱም ፍርዱ እንዲህ ሆነ፤ ቦራ የተባለው ፈረስ መጽሐፉ አዲስ አበባ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት ከሞት ይነሣ፤ እስኪነሣም ድረስ መምህር ሽባባው በሰንበቴው ቤት አያንብብ፤ የጽዋ ተራውም ይታለፍ።

እነሆ፣ ቅሬታዬንና ምስጋናዬን አንዱን ከአንዱ ሳልለይ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። በመጽሐፌ ውስጥ ከቦራ በፊት ብዙ ሰው ሞቷል። የአበረ አያት በሁለተኛው ምዕራፍ ሲያርፉ፣ ያን ምዕራፍ ስጽፍ እንባዬ ወረቀቱን አበላሽቶብኝ እንደ ገና መገልበጥ ነበረብኝ፤ እርስዎ ግን «ነፍስ ይማር፤ በሉ ጽዋው ይዙር» ብለው አለፉት። የአበረን አጎት ግልገል አባይ ሞልቶ ሲወስዳቸው ደግሞ አቶ እንየው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በቅሏቸው ወጣች ወይ? አልወጣችም ብል ኖሮ ክሱ ያኔውኑ ይጀመር እንደ ነበረ አሁን ይገባኛል፤ ደግነቱ ዋኝታ ወጥታለች። በአጥቢያዎ የሰው ነፍስ ለጸሐፊ የተፈቀደች፣ የጋማ ከብት ነፍስ ግን የተከለከለች መሆኗ ቀደም ብሎ በአዋጅ ተነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ሕግ አክባሪ ሰው ነኝና የአበረን ዘመዶች በሙሉ ጨርሼ ፈረሱን አተርፍ ነበር።

ሁለተኛ። በአድማጮቼ ላይ አምጿል የሚል ወሬ በከተማው ስለሚወራ እስካሁን የታዘዝኩትን ልቁጠር። የአበረን እጮኛ መጀመሪያ ስሜነሽ ብያት ነበር። የጠላ ነጋዴዋ ወይዘሮ ስሜነሽ ቤቴ ድረስ መጥተው «እኔ ከማንም ጎረምሳ ጋር ተቀጣጥሬ ወንዝ ወርጄ አላውቅም፤ ባሌ ምን ይለኛል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው ብዬ በቀለች አልኳት፤ የበቀለች ወንድሞች ዱላ ይዘው መጡ። ይታይሽ አልኳት፤ ይታይሽ ራሷ መጣችና «ቀጠሮው አንሷል፤ ጨምርበት እንጂ መምህር» አለችኝ። እዚህ ላይ ስም የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርጌ ትቼ ልጅቱ አልኳት፤ እስከ ዛሬም ልጅቱ ናት።

የንስሐ አባታችን አበረ በረቡዕ ቀን ወተት መጠጣቱን ሰምተው እጅግ ስላዘኑ ምዕራፉን ወደ ሐሙስ አዛውሬዋለሁ። ሐሙስ ቀድሞ በሌላ ምዕራፍ ተይዞ ስለ ነበረ በመጽሐፌ ውስጥ አንዱ ሳምንት ሁለት ሐሙስ አለው፤ ረቡዕ ግን የለውም። እርስዎም ራስዎ በሦስተኛው ምዕራፍ ያለው ዳኛ ቁመቱ አጭር መሆኑ ቅር እንዳሰኘዎ በሰው ስለላኩብኝ በአንድ ክንድ አስረዝሜዋለሁ፤ ስለዚህ አሁን በገዛ ቤቱ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል።

ይህን ሁሉ ያደረግሁት ፈርቼ ብቻ አይደለም። አድማጭ የሌለው ጸሐፊ ብቻውን የሚያወራ ሰው ነው፤ ብቻውን የሚያወራ ሰው ደግሞ በአገራችን ጠበል ይወሰዳል። ሰዉ እንዲወደኝ እፈልጋለሁ፤ ይህን ለመካድ የሚያበቃ ድፍረት የለኝም። ዳሩ ግን «ተቀበል» ያሉትን ሁሉ ተቀብሎ የሚደግም አዝማሪ ነው፤ አዝማሪስ ቢሆን በተቀበለ ቁጥር ይሸለማል እንጂ ዋስ አይጠራም። እኔ በስም፣ በቀንና በቁመት ስታዘዝ የኖርኩት አንዲቷን ነገር ይተዉልኛል ብዬ ነበር። ለካ ሁሉን እሺ ያለ ሰው አንድ ቀን እምቢ ሲል ከሁሉ የከፋ ዓመፀኛ ይመስላል።

ሦስተኛ። ሽማግሌዎቹ በምክር ጊዜ ያፈለቋቸውን መላዎች ለልጅ ልጅ እንዲተላለፉ እዚህ እመዘግባቸዋለሁ። የመጀመሪያው መላ፣ ቦራ ይውደቅ፣ ይፈራገጥ፣ ሁሉም ተስፋ ይቁረጥ፣ ከዚያ ጠበል ሲረጭ ይነሣ የሚል ነው። መላው ደግ ነው፤ ነገር ግን ጠበሉ ይህን ያህል ኃይለኛ ከሆነ አበረ አያቱን ለምን ሳይረጫቸው ቀረ ብሎ የሚጠይቀኝ ብልህ አንባቢ ቢነሣ መልስ የለኝም። ሁለተኛው መላ፣ የግድ ፈረስ መሞት ካለበት የጎረቤታችን የአቸፈር አገር ፈረስ ይሙት የሚል ነበር። ይህን መላ ያመነጩትን ሽማግሌ ስማቸውን ሸሽጌአለሁ፤ በአቸፈር የተዳሩ ልጆች አሏቸውና። ሦስተኛው መላ፣ ባለቤቱ ይሙትና ፈረሱ ይትረፍ የሚል ሲሆን፣ ይህ ሲነገር ተሰብሳቢው በአንድ አፍ «ይህ ነው ፍርድ» አለ፤ አቶ እንየውም ክሱ ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። አንድ ክረምት ሙሉ ያሳደግሁት፣ የዳርኩት፣ ያጣላሁትና ያስታረቅሁት አበረ፣ ከፈረሱ ጋር ሲመዘን አንድም ተከራካሪ አጣ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላልና እኔ ልጩህለት ብዬ አፌን ብከፍት «ተከሳሽ ሳይጠየቅ አይናገርም» ብለው ዝም አሰኙኝ። ስለ ሥርዓት ወዳድነትዎ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም።

አራተኛ። የችሎትዎ ወንበር ለጋሪዎቹ መንገድ ፊቱን የሰጠ ነው። የቦራ ጉዳይ በሚሰማበት ሰዓት ከፊት ለፊታችን የሚያልፉትን ፈረሶች እርስዎም አይተዋል፤ ጀርባቸው ተልጦ ዝንብ የወረሳቸው፣ ጉልበታቸው የተንቀጠቀጠ፣ ዳገቱን በአርጩሜ እንጂ በእህል ኃይል የማይወጡ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ቆም ብሎ ችሎቱን አየ፤ እኔም አየሁት። ምናልባት ልብ ወለድ ሆኖ ስላልተወለደ ያዘነ መሰለኝ። ዋሴ ቢሻው ከችሎቱ ስንመለስ «መምህር፣ የእኔ ፈረስ አጥንቱ እየታየ ማንም ከሶኝ አያውቅም፤ የእርስዎ ቀለም ሆኖ ዋስ አስጠራዎ» አለኝ። ባለፈው ሳምንት የእርስዎን ገብስ ሽቅብ የጎተተው ይኸው የቢሻው ፈረስ ነው፤ ከገብሱም በላይ እርስዎ ራስዎ ወገብዎን አመቻችተው ተቀምጠውበት ነበር። በዳንግላ ከሚሠሩት ጋሪዎች አብዛኞቹ የማን እንደ ሆኑ ስለማውቅ አልጽፈውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለውን ተረት ግን ሰኞ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ።

አምስተኛ። ይህ ምስጋና ነው፤ እውነተኛ ምስጋና ስለ ሆነ ለእርስዎ አይደለም። ከፍርዱ በኋላ ባለው ሰንበት እመቤት ወይዘሮ ደጊቱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠሩኝ። ሊገሥጹኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እርሳቸው ግን እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ እኛ የከፋን ፈረሱ ስለ ሞተ መሰለህ? ፈረስ ይሞታል። አንተ ግን ሞተ ብለህ ገጹን ገለበጥክ። ማን አለቀሰለት? ኮርቻውን ማን ተሸክሞ ገባ? ያቺ የታጨችው ልጅ ባዶውን ኮርቻ ስታይ ምን አለች? ሬሳ ጥለህብን ነው እኮ የሄድክ።»

ቤቴ ገብቼ ምዕራፉን አየሁት። እውነትም «ቦራም ሞተ» ብዬ ወደ ሠርጉ ድግስ አልፌአለሁ። በጥቂት ቃል መጻፌን እኔ ጥበብ ብዬው ነበር፤ ፍርሃት ነበር። የማውቀውን ሞት አጠገቡ መቆም አቅቶኝ ሮጬ አልፌዋለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ተቀምጬ ያን ዕለት ከሜዳው እስከ ቤቱ ድረስ በእግሬ እንደ ሄድኩ አድርጌ ጻፍኩት፤ ኮርቻውን አበረ ራሱ ተሸክሞ ይገባል፤ ልጅቱም የምትለውን ትላለች፤ ምን እንደምትል እዚህ አልናገርም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚባለው እውነት ሆኖ አገኘሁት። መጽሐፌ ዛሬ ከጥር ወር ይልቅ የተሻለ መጽሐፍ ነው፤ ያሻሻለችውም አድማጭ ናት። ከዚህ የተረዳሁት፣ አድማጭ የሚያመውን ቦታ ሲጠቁም እጁ አይስትም፤ መድኃኒት ሲያዝ ግን የሚያዘው ሁልጊዜ ጠበል ነው። እንግዲህ በቤትዎ ሁለት ችሎት እንዳለና ይግባኝ የሚባለው ወደ ጓዳው መሆኑን ሳውቅ ስለ ወደፊቱ ሙግቶቼ ልቤ ረጋ።

ስድስተኛ። እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ልተወው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አባቴን ደጉን ያውቋቸዋል፤ የአንድ ሰንበቴ ሰዎች ነበራችሁ። እድሜያቸውን ሙሉ ወደ ገበያ በእግራቸው ሲሄዱ አይተዋቸዋል። ሰው ለጽድቅ የሚያደርጉት ይመስለው ነበር፤ እኔም ልጅ ሳለሁ የጓደኞቼ አባቶች ፈረስ ላይ ሆነው ሲያልፉን አፍር ነበር። ለምን እንደ ሆነ አንድም ቀን አልነገሩኝም። እናቴ የነገረችኝ እርሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። ፈረስ ነበራቸው፤ እኔ ከመወለዴ በፊት በአንድ ጥር ጊዮርጊስ ከኮሶበር ገስግሰው መጥተው፣ ፈረሳቸውን ሳያሳርፉ ከከተማው በላይ ወዳለው ሜዳ ገቡ፤ ቀድመው ገቡ፤ ውሃ አጠጡት። የቀረውን መጽሐፌ ይናገራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ኮርቻ አልነኩም።

በዚያ ቀን ጎን ለጎን እየጋለበ «ደጉ፣ ፈረስህ ደክሞታል መሰለኝ» ብሎ በሰው ፊት የቆሰቆሳቸው ጎበዝ ማን እንደ ነበረም እናቴ ነግራኛለች። እርስዎ ነዎት። በመጽሐፌ ውስጥ ያ ጎበዝ ስም የለውም፤ መልኩም አልተጻፈም። እንዲህ ያደረግሁት ፈርቼ አይደለም፤ ጥፋቱ የእርሱ ነው ብዬ ስለማላምን ነው። ወጣት ወጣትን ይቆሰቁሳል፤ የጨዋታው ወግ ነው። ልጓሙ የነበረው በአባቴ እጅ ነው፤ አባቴም ይህን ያውቁ ነበር፤ ለዚህ ነው በእግራቸው የሄዱት። እርስዎም ቢሆኑ ያን ቀን እንዳልረሱት ፍርድዎ ይመሰክራል፤ ያልከበደው ሰው በወረቀት ፈረስ ላይ ችሎት አይሰይምም።

አባቴን እወዳቸው ነበር። የጻፍኩት ልከሳቸው አይደለም። ብቻቸውን ሲሸከሙት የኖሩትን ነገር አንድ እሑድ እንኳ ሰው ሁሉ አብሯቸው እንዲሸከም ብዬ ነው። ቦራ ከተነሣ አባቴ ያን ሁሉ ዘመን በእግራቸው የሄዱት በከንቱ ነው ማለት ይሆናል። ስለዚህ ክቡር ባላምባራስ፣ በስሙ ልጅቱ ብዬ ታዝዣለሁ፣ በቀኑ ሐሙስን ደግሜ ታዝዣለሁ፣ በዳኛው ቁመት ታዝዣለሁ፤ በዚህ ግን አልታዘዝም። ቦራ አይነሣም።

ይህን በማለቴ የሚመጣብኝን አውቃለሁ። የጽዋ ተራዬ ይታለፋል፤ አባቴ ከተቀመጡበት ወንበር ላይ መነሣት ያሳዝነኛል፤ አያሳዝነኝም ብል እዋሻለሁ። ዋሴ ቢሻው በእኔ ምክንያት እንዳይጉላላ፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ አረጋግጣለሁ። የሰንበቴው ቤት በፍርድ ስለ ተዘጋብኝ የተሻሻለውን ምዕራፍ ከነገ ወዲያ፣ በቅበላው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በዚሁ ዋርካ ሥር አነባለሁ። ጠላና ዳቦ የለም፤ ስለዚህ የሚመጣው ሰው ለታሪኩ ብቻ የመጣ መሆኑ ይታወቃል። እስካሁን ይህን ለማወቅ ዕድል አላገኘሁም ነበርና ስለ ሰጡኝ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

ከሳሼ አቶ እንየውም ትናንት ሰው ልከውብኝ ነበር። መልእክታቸው ቦራን ለጅብ እንዳልተወው፣ ከሜዳው ዳር ጉድጓድ አስቆፍሬ እንዳስቀብረው፣ ጉድጓዱም ጠለቅ እንዲል የሚያስጠነቅቅ ነው። ከሳሽ ስለ ቀብሩ ማማከር ከጀመረ ሞቱን አምኗል ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ፈረስ መቅበር ልማዳችን ባይሆንም ጉድጓዱን አስቆፍሬአለሁ፤ በዚህ እንኳ ሳልታዘዝ አልቀረሁም።

የዳኝነት ዘመንዎን ያርዝምልን፤ ወንበርዎን ያለስልስልዎ፤ ወደ ፊትም ከደራሲያን ወገን የሚነሡትን ወንጀለኞች ሁሉ፣ ደመናን ያለ ጊዜው ያዘነቡትን፣ ሙሽራን ያለ ሽማግሌ የዳሩትን፣ በሬን በወረቀት ያረዱትን ሁሉ በዚህ ዓይነት ትጋት ለፍርድ ለማቅረብ ያብቃዎ። ከጉልበትዎ በታች ዝቅ ብዬ፣ ከዚያም ትንሽ ቀና ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በወረቀት ላይ በፈረስ ገዳይነት የተፈረደበት፣ ከወረቀት ውጭ ግን ዝንብ እንኳ ገድሎ የማያውቅ አገልጋይዎ፣

ሽባባው ደጉ

ግልባጭ፤
ለእመቤት ወይዘሮ ደጊቱ፣ ከልብ ምስጋና ጋር።
ለአቶ እንየው፣ በፈለጉት ቋንቋ እንዲቆጡበት።
ለቢሻው ፈረስ፣ ከቁስሉ ሲያገግም እንዲነበብለት።

ማሳሰቢያ፤
ደብዳቤውን ከፈረምኩ በኋላ ፍርድዎን እንደ ገና ሳስበው ልታዘዝ የምችልበት አንድ መንገድ ታየኝ። የችሎትዎ ቃል የሞተ ፈረስ የሚያስነሣ ከሆነ፣ ከወረቀቱ ፈረስ በፊት በአባቴ ፈረስ ይጀመር። የወደቀበትን ቦታ ሌላው ሰው ቢረሳው እርስዎ አይስቱትም። እሑድ ከቅዳሴ በፊት ወደ ሜዳው ወጥተው፣ ከአጠገቡ ቆመው «ተነሥ» ይበሉት። ተነሥቶ ካሽካካ እኔም በዚያው ዕለት ምዕራፌን አርማለሁ። ካልተነሣ ግን ወደ ዋርካው ይምጡ፤ ከፊት መቀመጫ እይዝልዎታለሁ፤ ከእኛ ጋር ያልቅሱለት።